ጀጎል ውስጥ ከኋላዬ የመጣ ድምፅ

“ቁጭ በልና እንነጋገር።”

ለልጄ ይህን ያልኩት ባለፈው ጥር አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ነው። ከሥራ ከተቀነሰ አራት ወር እንደሞላው ለእናቱ የነገራት ከሁለት ቀን በፊት ነበር። አራት ወር ሙሉ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ቦርሳውን አንግቶ ሲወጣ “በሰላም ዋል” እያልን ስንሸኘው ኖረናል። ሳሎን ፊት ለፊት ተቀመጥን። ጠየቅኩ፣ መከርኩ፣ ደግሜ ጠየቅኩ። መልሱ አንድ ብቻ ነበር፤ “እሺ አባዬ።”

ሥራ ማጣቱ አይደለም የጎዳኝ፤ ከእኔ መደበቁ ነው። እኔ የከፋኝ ዕለት ለታላቅ ወንድሜ ሳልነግር አላድርም ነበር። ልጄ ለምን እንደ ባዕድ ቆጠረኝ እያልኩ ሌሊቱን ስገላበጥ አነጋ ጀመር።

ከቤታችን ኩርፊያ በኋላ ባለቤቴ መላ አመጣች። “እስቲ ሁለታችሁ ወጣ በሉ። ሐረርን አሳየዋለሁ ስትል አልነበር?” እውነቷን ነው። ከ1978 እስከ 1981 ዓ.ም. ሐረር አስተምሬያለሁ። ልጄ 27 ዓመት ሲሞላው ገና አላሳየሁትም።

ሌሊት 11 ሰዓት አውቶቡስ ተሳፈርን። መንገዱ 520 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እኔም 520 ኪሎ ሜትር አወራሁ። አዋሽ ስንደርስ ስለ ፓርኩ፣ የጨርጨርን ተራራ ስንወጣ ስለ ቡናውና ስለ ማሽላው፣ ቁልቢ ላይ ታኅሣሥ 19 ቀን ለገብርኤል ስለሚጎርፈው ሕዝብ ነገርኩት። ዝም ካልኩ የዚያ እሑድ ኩርፊያ መሐላችን የሚቀመጥ መሰለኝ። እሱ መስኮቱን እያየ አንገቱን ይነቀንቃል።

በማግስቱ ጠዋት ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ጀጎል ገባን። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው አሚር ኑር ነው። በውስጡ 82 መስጊዶች አሉ፤ ዩኔስኮም በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። አምስቱን ጥንታዊ በሮች፣ የገጣሚውን የአርተር ራምቦን ሙዚየም፣ ገበያውን ሁሉ በሰዓት ከፋፍዬ ጽፌያለሁ።

ሐሳቤ መኪና ግርግር ላይ ተበላሸ። ይህ መንገድ ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ደጅ ላይ ደርድረው የሚሰፉበት ነው፤ ስሙም ከስፌት መኪናው ድምፅ የመጣ ነው ይላሉ። ልጄ አንድ ደረጃ ላይ ተቀምጦ የሰፊዎቹን እጅ ማየት ጀመረ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ፣ ግማሽ ሰዓት። እኔ ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ። “ልንሄድ አይደለም?” ስለው፣ “አባዬ፣ አንተ ሂድና እየው፤ እኔ እዚህ ደስ ብሎኛል” አለኝ። ተናደድኩ። ልጅን ይህን ያህል መንገድ ያመጣሁት ደረጃ ላይ እንዲቀመጥ ነው?

ከሰዓት በኋላ አንድ የሐረሪ ቤት ጎበኘን። ግድግዳው በስፌትና በሳህን ያጌጠ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦች ከፍና ዝቅ ብለው ተሠርተዋል። አስጎብኚያችን ሲያብራራ፣ ሽማግሌው የት፣ ወጣቱ የት፣ የቤቱ ጌታ የት እንደሚቀመጥ ሁሉም ያውቃል አለን። የእኛ ቤት ሳሎን ትዝ አለኝ። ለልጄ ያለኝ መቀመጫ አንድ ብቻ ነው፤ ከእኔ ፊት ለፊት።

ሲመሽ ከግንቡ ውጭ ጅቦች ወደሚመገቡበት ቦታ ሄድን። መጋቢው ሥጋውን በአጭር እንጨት ላይ አንጠልጥሎ ይጠራቸዋል። አንዱ ደፍሮ መጥቶ ይነጥቃል፤ ሌላው ዞሮ ከጎን ይመጣል። አንዲት ግን ጨለማው ጫፍ ላይ ቆማ ቀረች። እኔ ባትሪዬን አብርቼ እሷኑ አፈጥጬ አያለሁ።

“አባባ፣ ይቺ ዓይን አፋር ናት” አለኝ መጋቢው። “እያዩዋት አትመጣም። ባትሪውን ያጥፉና ፊትዎን ዞር ያድርጉላት።”

አጠፋሁ፤ ዞርኩ። ጥቂት ቆይቶ በጎኔ የሚያልፍ ትንፋሽ ሰማሁ። መጥታ በልታ ሄደች።

ወደ ማደሪያችን የተመለስነው በጀጎል ጠባብ መንገዶች ነው። ቀን ላይ አስጎብኚያችን የእርቅ መንገድ የሚሉትን እጅግ ጠባብ መተላለፊያ አሳይቶን ነበር፤ የተጣሉ ሰዎች እዚያ ከተገናኙ ሳይነካኩ ማለፍ ስለማይችሉ ይታረቃሉ ብሎ አሳቀን። ማታ ያለፍንበትም ከዚያ ብዙ የሚሰፋ አልነበረም። እኔ ከፊት፣ ልጄ ከኋላ ሆነን ሄድን።

“አባዬ” አለኝ ከኋላዬ። “ልዋሽህ ፈልጌ አልነበረም።”

ልዞር ነበር። ልጄን ከጅብ ጋር ማወዳደሬ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳኛል፤ ግን ያቺ ዓይን አፋር ትዝ አለችኝ። ሳልዞር መራመዴን ቀጠልኩ።

“ስነግርህ ወዲያው ስልክ ታነሳለህ። ‘እገሌ ጋ ልደውልልህ’ ትላለህ። ያን ጊዜ ከራሴ ጭንቀት ላይ የአንተ ይጨመርብኛል። መጀመሪያ እኔ ራሴ ልቀበለው ፈልጌ ነው። ደግሞ ደም ግፊትህን ፈራሁ።”

የስልኩ ነገር እውነት ነው። ምላሴ ላይ ሦስት ምክር ተደርድሮ ነበር። ዋጥኩትና በሕይወቴ ጠይቄው የማላውቀውን ጠየቅኩት።

“አሁን የምትፈልገው ምክር ነው ወይስ ጆሮ?”

ትንሽ ዝም አለ። “ዛሬ ጆሮ” አለኝ።

እስከ ማደሪያችን በር ድረስ አወራኝ። ጠዋት ጠዋት ቤተ መጻሕፍት እንደሚውል፣ የት የት እንዳመለከተ፣ ከሁሉም በላይ “ሥራ እንዴት ነው?” ስለው ምን ያህል እንደሚያፍር ነገረኝ። ለእናቱም የነገራት ወጥ ቤት ቆሞ ሽንኩርት እየላጠላት እንደነበር ያን ጊዜ አስታወስኩ። እሷ አፋጥጣ አልጠየቀችውም፤ እጁም ዓይኑም ሥራ ላይ ነበር።

ተራዬ ሲደርስ እኔም የራሴን ነገርኩት። “እኔን ደግሞ የሚጎዳኝ ክፉ ወሬ አይደለም፤ ሳላውቅ መቅረት ነው። ቶሎ መስማት ይሻለኛል።” ገረመው። ዝምታው ለእኔ እንክብካቤ መስሎት ኖሯል፤ እኔም ጥያቄዬ ለእሱ ፍቅር መስሎኝ ኖሬያለሁ። ሁለታችንም ለሌላው የሰጠነው ለራሳችን የምንወደውን ነው።

እዚያው በር ላይ ተስማማን። ችግር ሲገጥመው “አባዬ፣ ነገር አለ፤ ጥቂት ቀን ስጠኝ” ይለኛል። እኔ ደግሞ እስኪናገር አልነዘንዘውም፤ ሳይጠይቀኝም ስልክ አላነሳም።

የስምምነቱ ሁለተኛ ክፍል ቀላል አይደለም። ከተመለስን ወዲህ ሁለት ጊዜ ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀምጫለሁ። አንዴም ረስቼው ሳሎን ውስጥ “ቁጭ በልና” ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ሳቀብኝና ወጣ።

በመልስ ጉዞው ብዙ አላወራሁም። ጨርጨርን ስንወርድ ራሱ፣ “ያ ማሽላ ነው ያልከኝ?” ብሎ ጠየቀኝ። ለካ በሄድንበት ጊዜ ይሰማኝ ነበር።

ልጄ ይህን ስጽፍ ገና ሥራ አላገኘም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ቡና ተፈልቶ ሁለተኛውን ስኒ እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሞ፣ “አባዬ፣ ትንሽ እንራመድ?” አለኝ። ባለቤቴ ሦስተኛውን ሳልጠጣ መነሣት እንደማልወድ ታውቃለችና አየችኝ።

ስኒውን አስቀምጬ ጫማዬን ፈለግኩ።