ጥሩምባው ሳይሰማኝ

ፒያሳ የሚለው ስም የጣሊያን ነው፤ ሰፈሩ ግን ከጣሊያን ይቀድማል። የአራዳ ገበያ ይውል የነበረው እዚያው ጊዮርጊስ አጠገብ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን (ከ1928 እስከ 1933) የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍተው መርካቶ አሉት። ገበያው ሲሄድ "አራዳ" የሚለው ቃል አብሮ አልሄደም፤ የነቃ የከተማ ልጅ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ዛሬ ያደግኩበት የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ በነበረበት በኩል አለፍኩ። ሰፈሩ በ2016 ከፈረሰ ወዲህ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱም ያምራል፣ አልክድም። ለስድስት አባወራ የነበረችው ሽንት ቤት ናፈቀችኝ ብል ውሸቴን ነው። የናፈቀኝ የእድራችን ጥሩምባ ነው። ጎህ ሳይቀድ ሲነፋ እናቴ ማን እንደሞተ ሳትሰማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በር ላይ ትቆማለች። ከዚያ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ቂጣቸው ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር የተጻፈባቸው ትሪዎች ይወጣሉ። ትሪ ከጠፋ ደግሞ ለቅሶው ሳያልቅ ጠብ ይጀመራል!

አሁን ሁላችንም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነናል፤ ጥሩምባው ቴሌግራም ሆኗል። ልጅ ሳለሁ ቡና ያቀመሱኝ እትዬ ባለፈው ወር አርፈው መልእክቱን ያየሁት ከቀብር በኋላ ነው። ስልኬን ድምፅ አጥፍቼበት ነበር።

የድሮ ጎረቤቶቼ፣ ቁጥር የቀየራችሁ ካላችሁ ለእድሩ ጸሐፊ አሳውቁ። ድምፁንም ክፈቱት።