ደህና ነኝ

በአማርኛ ብርድ ይመታል። «ብርድ መታኝ» ስንል በሩን በርግዶ ስለገባ ጠላት የምናወራ ነው የሚመስለው። የባሕር ብርድ ጠባዩ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ያንቀጠቅጣል፣ ቆይቶ ያባብላል።

ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ገደማ በሚበልጥ ፍጥነት ይወስዳል። የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሃይፖሰርሚያ ይባላል። ዋናተኛው ላይ ጣቶች አልገጥም ይላሉ፣ እግር ወደ ታች ይጎትታል፣ በደቂቃ 60 የነበረው የክንድ ምት ወደ 50 ይወርዳል፣ ምላስ ይተሳሰራል። ክፋቱ፣ ይህን ሁሉ መታዘብ ያለበት አእምሮም አብሮ መቀዝቀዙ ነው። ዋናተኛ ለራሱ ብርድ ምስክር መሆን አይችልም። ልምድም ዋስትና አይሆንም። ግሪካዊው ጄሰን ዚርጋኖስ የእንግሊዝን ቻናል ደጋግሞ ያቋረጠ፣ ብርድ መቻሉን ተመራማሪዎች ሳይቀሩ ያጠኑት ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 ሰሜን አየርላንድንና ስኮትላንድን የሚለየውን የሰሜን ቻናል ሲዋኝ ራሱን ስቶ ከውሃ አወጡት፤ አልተረፈም።

የእንግሊዝን ቻናል ብቻውን ለማቋረጥ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ከ16 ዲግሪ በማይበልጥ ውሃ 6 ሰዓት መዋኘት አለበት፤ ያውም በተራ የዋና ልብስ። ጓደኛዬ ይህን ፈተና ሜይ ውስጥ ዶቨር ወደብ ላይ ስትሞክር ውሃው 13 ዲግሪ ነበር። እኔ ጠጠሩ ላይ ቴርሞስ ታቅፌ ተቀምጫለሁ። መጠጧን ልትወስድ ወደ ዳር በመጣች ቁጥር «እንዴት ነሽ?» እላታለሁ። «ደህና ነኝ።» ሐበሻ እኮ ጉሉኮስ ተሰክቶለትም ደህና ነኝ ይላል! እሷም ይህን ስለምታውቅ፣ በልማድ የማይመለስ ነገር እንድጠይቃት አስቀድመን ተስማምተን ነበር።

5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ዋኝታ ስትመጣ፣ «ሽሮ ስትሠሪ መጀመሪያ ምን ትጨምሪያለሽ?» አልኳት።

አሰበች። በጣም አሰበች።

«ሽሮውን» አለች።

ይህች ሴት በሽንኩርት ማቁላላት የተነሳ ከገዛ እናቷ ጋር የተኳረፈች ናት።

«ውጪ።»

«40 ደቂቃ እኮ ናት የቀረችኝ!»

«ውጪ አልኩሽ።»

መውጣቱ ብቻውን አይበቃም። ከውሃ ከወጡ በኋላም የውስጥ ሙቀት ለተወሰነ ጊዜ መውረዱን ይቀጥላል፤ ውሃ ውስጥ ሲያወራ የነበረ ሰው ዳር ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሙቅ ሻወር አይታሰብም፤ የደም ሥሮችን በድንገት ከፍቶ ያዝለፈልፋል። እርጥቡን አውልቆ ማድረቅ፣ ኮፍያ፣ ልብስ በልብስ ላይ መደረብ፣ አስቀምጦ ለብ ያለ ጣፋጭ ሻይ። የኔዋ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ኩባያ መያዝ አቃታት። ጥርሷ ሲንገጫገጭ የሻዩን ኩባያ እኔ ያዝኩላት፣ እሷ ግን በዓይኗ ትረግመኛለች።

እስከ ለንደን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ደወለች።

«በሚቀጥለው ወር እንደገና እገባለሁ። ሽሮውን አጥንቼዋለሁ፣ ሌላ ጥያቄ አዘጋጂ።»