ቀበሮው ለፍርድ የቀረበበት ተረት



«ቀበሮው አንበሳውን እንዲህ አለው» ብሎ ለልጅ ማውራት ውሸት ነው ወይስ አይደለም? ጥያቄው ቀላል አይምሰላችሁ። አላህን የሚፈሩ እናቶችና አባቶች ሲጨነቁበት አይቻለሁ። ሰውን ለማሳቅ ብሎ የሚዋሽን ሰው የሚያስጠነቅቀውን ሐዲሥ የሰማ ወላጅ ልጁን ለማስተኛት አፉን ከመክፈቱ በፊት ቢያመነታ አይፈረድበትም። አንዳንዱ ተረት የሚባለውን ነገር ጨርሶ ከቤቱ አስወጥቷል። ሌላው ደግሞ ልጆቹን ለቴሌቪዥን አስረክቦ፣ ብዙ እጅና ብዙ ራስ ያላቸው «አማልክት» ዓለምን ሲፈጥሩና ሲያጠፉ እያዩ ሲያድጉ ዝም ይላል። በእኔ አስተያየት የሁለተኛው ዝምታ ከመጀመሪያው ጥንቃቄ የባሰ ነው፤ ቢሆንም የመጀመሪያውም ልጆቹን ብዙ ነገር ያስቀርባቸዋል።

ይህን እንድል ያደረገኝ «ከሊላ ወዲምና» ነው። ዐረብኛ የተማራችሁ ወገኖች መጽሐፉን ታውቁታላችሁ። ሥሩ ሕንድ ነው። በሳንስክሪት ቋንቋ «ፓንቻታንትራ»፣ ማለትም አምስቱ ክፍሎች፣ በሚል ስም ይታወቃል፤ መግቢያው እንደሚለው ትምህርት አልገባ ያላቸውን ሦስት የንጉሥ ልጆች ለማስተማር የተዘጋጀ ነው። ከፋርስ ንጉሥ ኑሺርዋን (እ.ኤ.አ. 531–579) ዘንድ በርዘዌህ የተባለ ሐኪም ወደ ጥንታዊው ፋርስኛ መለሰው። ከዚያም በስምንተኛው መቶ ዘመን፣ በዐባሲያ ኸሊፋዎች ዘመን መባቻ፣ በትውልዱ ፋርሳዊ የሆነው ዐብዱላህ ኢብኑል ሙቀፈዕ ወደ ዐረብኛ ተረጎመው። የእርሱን የግል እምነት በተመለከተ ሊቃውንት ብዙ ተነጋግረዋል፤ ፍርዱን ለአላህ እንተወውና ወደ ሥራው እንመለስ።

የሕንዱ መጽሐፍ ጣዖት ከሚያመልክ ሕዝብ የወጣ ነው፤ አማልክቶቻቸውም በየተረቱ መሐል ብቅ ይላሉ። በዐረብኛው ግን ቦታ የላቸውም። አይጧ ወደ ልጃገረድነት በተለወጠችበት ተረት፣ በዐረብኛው መናኙ የሚለምነው ጌታውን ነው። ቀበሮው፣ አንበሳው፣ ርግቧ ግን እንዳሉ ቀሩ። ያን ሁሉ የሕንድ ጥበብ «የካፊር ተረት ነው» ብሎ የጣለው የለም፤ እንዳለም አልተቀበሉትም።

ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ከሊላና ዲምና ሁለት ቀበሮዎች ናቸው። ንጉሡ አንበሳ ሸትረባ ከተባለ በሬ ጋር ወዳጅ ይሆናል። ዲምና ይቀናል። ወደ አንበሳው ሄዶ «በሬው ሊነሳብህ ነው» ይለዋል፤ ወደ በሬው ሄዶ «አንበሳው ሊበላህ ነው» ይለዋል። ሁለቱ ሲገናኙ እያንዳንዱ በሌላው ፊት ላይ የተነገረውን ያየ ይመስለዋል። በሬው ይገደላል። ነሚማ ይሏችኋል ይህ ነው!

የሕንዱ ተረት እዚህ ላይ ሲያበቃ አሳባቂው ያሸንፋል፤ የንጉሡ አማካሪ ሆኖ ይቀጥላል። በዐረብኛው ግን አንድ ሙሉ ምዕራፍ ተጨምሯል፤ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች የኢብኑል ሙቀፈዕ የራሱ ሥራ ነው ይላሉ። ዲምና ለፍርድ ይቀርባል። አንደበተ ርቱዕ ነውና በቀላሉ አይረታም። ከሸንጎው አንዱ የፊቱንና የአካሉን ምልክት ቆጥሮ «ይህ ወንጀለኛ ለመሆኑ መልኩ ይመሰክራል» ሲል፣ ዲምና አሳፍሮ ይመልሰዋል፤ ሰው በመልኩ አይፈረድበትምና በዚህስ እውነቱን ነው። አንበሳው በሬውን በመግደሉ ቢጸጸትም፣ እናቱም እውነቱን ብታውቅም፣ ማስረጃ ስላልቀረበ ዲምና ወደ እስር ቤት ይመለሳል። በመጨረሻ ነብሩ የሰማውን ይመሰክራል፤ እስር ቤት ውስጥ የነበረ ሌላ አውሬም ሁለቱ ቀበሮዎች ሲነጋገሩ ያደመጠውን ይመሰክራል። እስከ ዛሬ ለምን ዝም አላችሁ ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ የአንድ ሰው ምስክርነት ብቻውን ለፍርድ እንደማይበቃ ስለምናውቅ ነው ይላሉ። ዲምና የሞተው ከዚህ በኋላ ነው።

በዱር አራዊት ሸንጎ ሁለት ምስክር! የሸሪዓን ሽታ ያልሸተተው ማን ነው? ይህን ለልጆቼ ሳወራ ትንሿ ልጄ ሣቀች፤ ትልቁ ግን፣ ክፍል ውስጥ ባልሠራው ጥፋት ተከሶ የመጣ ሰሞን ስለነበር፣ ነገሩን ሁለቴ አስደገመኝ።

አሁን ወደ ውሸቱ ጥያቄ ልመለስ። ዐሊም አይደለሁም፤ ፈትዋ አልሰጥም። የማውቀው ይህን ነው፦ ዋሾ ሰው የሚናገረው እንዲታመን ነው። የኛ አያቶች ግን «ተረት ተረት» ሲሉ ልጁ «የላም በረት» ይላል፤ ተራኪና ሰሚ ከመጀመራቸው በፊት ተስማምተዋል ማለት ነው። ዐረቡም ፋርሱም ተረቱን የሚከፍተው ነበረም አልነበረም በሚል ቃል ነው። ኢብኑል ሙቀፈዕም በመግቢያው አንባቢውን ያስጠነቅቃል፤ ቅርፊቱን ሳይሰብር ለውዝ የያዘ ሰው እንደማይጠቀም ሁሉ፣ በተረቱ ላይ ላዩን የቀረም እንዲሁ ነው ይላል።

አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ይመስለኛል። በሱረቱ ነምል የሱለይማንን (ዐ.ሰ) ሠራዊት አይታ ወገኖቿን ያስጠነቀቀችው ጉንዳን እውነት ተናግራለች። ከሰበእ ወሬ ያመጣው ሁድሁድም እንዲሁ። ይህ የአላህ ቃል ነው፤ ዲምና ግን ተረት ነው። ሁለቱን በአንድ ምሽት፣ በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ሣቅ ያወራን እንደሆነ ልጁ አድጎ ሁለቱንም አንድ ላይ ቢጥላቸው ማንን እንወቅሳለን? በእኛ ቤት የነቢያት ታሪክ የሚነገረው ከመግሪብ በኋላ፣ ቁርኣኑ ተከፍቶ ነው። ተረት መኝታ ላይ፣ መብራት ከጠፋ በኋላ፣ «የላም በረት» ከተባለ ወዲያ ነው። ትንሿ እንኳ ልዩነቱን ታውቀዋለች፤ አንድ ቀን ስሳሳት «ይሄ የመኝታው ነው» ብላ አርማኛለች።

በነገራችን ላይ ፈረንሳዊው ላ ፎንቴን እ.ኤ.አ. በ1678 ባሳተመው የተረት መጽሐፉ ለሕንዱ ጠቢብ ባለዕዳ መሆኑን ጽፏል። ተረቶቹ እስከዚያ የደረሱት በዐረብኛው በኩል አልፈው ነው። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ውስጥ የአውሮፓ ተረት ብለው ከሚያነቡት አንዳንዱ በባስራና በባግዳድ በር ያለፈ መሆኑን ብንነግራቸው አይከፋም።

ልጆቼ እስካሁን ያልተስማሙበት ነገር የከሊላ ጉዳይ ነው። ከሊላ የወዳጁን ተንኮል ያውቅ ነበር፤ መከረው፣ ገሠጸው፤ ለዳኛ ግን አልተናገረም። ፍርዱ ሳያልቅ በሐዘንና በፍርሃት ሞተ። ትልቁ «ጓደኛውን አሳልፎ አይሰጥም» ይላል። ትንሿ «በሬውስ?» ትለዋለች።