ከአንጀት ካንሰር ቀዶ ጥገና በኋላ

ጀርመን ሀገር የአንጀት ካንሰር ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ማገገሚያ ማዕከል ገብቶ ብዙውን ጊዜ ለ3 ሳምንት ያህል መቆየት ይችላል። የሰገራ ከረጢት መቀየር፣ ሰገራን የሚቆጣጠሩ ጡንቻዎችን ማጠንከር፣ የሚስማማውን ምግብ መለየት ይማራል።

እኛ ጋ ግን አብዛኛው ታካሚ በቀጥታ ወደ ቤቱ ነው። «ይሸተኛል» ብለው ለቅሶ ቤት መሄድ ያቆሙ አባት ገጥመውኛል። ቁስላቸው ድኗል፣ እሳቸው ግን ከሰው ተለይተዋል። ለሀገራችን ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም! በደንብ የተለጠፈ ከረጢት እኮ አይሸትም፤ ግማሽ ድረስ ሳይሞላ ማስወገድ ነው። ከረጢቱን የሚቀይሩላቸው ልጃቸው ነበሩ፤ እኔ ግን አባትየው ራሳቸው ቢቀይሩ እመርጣለሁ።

ስለዚህ ነርሷ እያየቻችሁ በገዛ እጃችሁ ሁለት ሦስቴ ሳትቀይሩ ከሆስፒታል «አስወጡን» አትበሉ።