የጄኔቭ ቃል

ሰው ወደ ባዕድ አገር ለጕብኝት ሲሄድ ዓይኑን ብቻ ይዞ የሚሄድ ይመስለዋል። ነገር ግን በልጅነቱ ከወላጆቹ የሰማው ሁሉ አብሮት ይጓዛል። ይህን የተረዳነው ባለፈው ክረምት፥ እኛ ባልና ሚስት ከዐሥራ አንድ ዓመት ልጃችን ጋር በስዊስ አገር ዘመድ ጠይቀን ስንመለስ፥ በጄኔቭ ከተማ ሁለት ቀን በቈየን ጊዜ ነው።

ጄኔቭ የሚለው ስም ለቤታችን እንግዳ አልነበረም። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ገና ሕፃን የነበሩት አባታችን፥ ነፍሳቸውን ይማርና፥ አንድ ሰው «ነገ እከፍላለሁ» ወይም «ከነገ ወዲያ እመጣለሁ» ያላቸው እንደ ሆነ፥ «የጄኔቭ ቃል እንዳይሆን ብቻ» ይሉ ነበር። ኢትዮጵያ በመስቀል ዕለት፥ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም.፥ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ነበር፤ አባሎቹም አንዱ ቢጠቃ ሌሎቹ ሊረዱት ቃል ተጋብተው ነበር። ቃሉ ግን በተፈለገ ጊዜ አልተገኘም። አባባሉን ከአባታችን ስለ ወረስነው ልጃችንም ታውቀዋለች።

ከተማይቱ ግን ቂም የሚያስይዝ መልክ የላትም። የሮን ወንዝ ከሐይቁ ወጥቶ በመካከሏ ያልፋል። ከሐይቁ ዳር ውኃ ወደ ሰማይ ይወረወራል፤ ከፍታው 140 ሜትር፥ መጠኑም በየሰከንዱ 500 ሊትር ነው። ይህ ውኃ እ.ኤ.አ. በ1886 ሲጀመር ለጌጥ አልነበረም፤ የእጅ ባለሙያዎች ማታ መኪናዎቻቸውን ሲያቆሙ በቧንቧው ውስጥ የሚበረታውን ግፊት ማስተንፈሻ ነበር። ለውበት ተብሎ ወደ ሐይቁ የተዛወረው በ1891 ነው። ልጃችን በትንንሾቹ ቢጫ ጀልባዎች ሆና ከሐይቁ ላይ ልታየው ለመነችን። እኛም «ነገ ማታ» ብለን ቃል ሰጠናት።

በማግሥቱ የመንግሥታት ማኅበር ወዳሠራው፥ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት ወደሚሠሩበት ታላቅ ሕንፃ ሄድን። ፓስፖርታችንን አሳይተን ገባን። ከትልቁ አዳራሽ በደረስን ጊዜ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፥ «ንጉሠ ነገሥቱ ቆመው የተናገሩት እዚህ ነው» አልናት። አስጐብኚዋ ይህን ጠይቃ በተረዳች ጊዜ በትሕትና አረመችን፤ ያን ጊዜ ይህ አዳራሽ ተሠርቶ አላለቀም ነበርና ጉባኤው የተደረገው በመካከለኛው ከተማ በሌላ አዳራሽ ነው፤ እርሱም በ1964 ተቃጥሎ በስፍራው የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ተሠርቷል አለችን። ያላወቅነውን እንደሚያውቅ ሰው በመናገራችን አፈርን።

በትራም ወደዚያ ወረድን። ግራጫ የሲሚንቶ ሕንፃ ነው፤ ተማሪዎች ይገባሉ፥ ይወጣሉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ሊናገሩ በቆሙ ጊዜ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት እንደ በጠበጡ፥ እርሳቸውም ጸጥታ እስኪሆን ታግሠው በአማርኛ እንደ ተናገሩ፥ ሐምሌ 8 ቀን ግን በጣሊያን ላይ የነበረው ማዕቀብ እንደ ተነሣ ነገርናት።

«ቃላቸውን ረስተውት ነው?» አለች።

«አልረሱትም» አልናት። «ቃሉን መጠበቅ ችግር ያመጣብናል ብለው ፈሩ። ነዳጅ ዘይትን እንኳ ከማዕቀቡ ውስጥ ሳያገቡት ቀሩ።»

በዚህ ጊዜ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። እግራችን ዝሏል፤ ሻንጣችን አልታሰረም፤ ባቡራችንም በማግሥቱ ማለዳ ነበር። ስለዚህ «የጀልባው ነገር ይቅርና ሌላ ጊዜ እንመጣለን» አልናት። ሌላ ጊዜ እንደማንመጣ እኛም እርሷም እናውቅ ነበር። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፥ ያለ ድፍረት፥ «እማዬ፥ አባዬ፥ የጄኔቭ ቃል ሆነ ማለት ነው?» አለችን።

በመጀመሪያ ሳቅን። ቀጥሎ ግን እርስ በርሳችን ለመተያየት አፈርን። የታላላቅ መንግሥታትን ጥፋት ለልጃችን ተርከን ሳንጨርስ፥ እኛው በዚያው ምክንያት፥ ስላልተመቸን፥ ቃላችንን ልናጥፍ ነበርና። ሳንነጋገር ወደ ሐይቁ አመራን፤ ከጀልባዎቹም በአንዱ ተሳፈርን። በመንገድ ላይ ነፋሱ ዞረና የውኃው ፍንጣቂ ነጠላችንን አራሰው፤ ልጃችንም በሳቅ ፈነደቀች።

ሻንጣችንን ያሰርነው በእኩለ ሌሊት ነው። አዳራሹ ተቃጥሏል፥ ማኅበሩም ፈርሷል፤ አባባሉ ግን በቤታችን ይኖራል። እስከዚያች ማታ ድረስ ሌሎችን ለመውቀስ ስንናገረው ኖረን፥ ያን ዕለት በእኛው ላይ ሲነገር ሰማነው። አባታችንም፥ አሁን ሲመስለን፥ ያስተማሩን ስለዚሁ ነበር።