ያከራየሁት ጎጆ

ከጋይንቱ ቤተ ልሔም ደብር ብዙም በማይርቅ አንድ መንደር ውስጥ አንድ የድጓ ተማሪ ሳያስመሰክር ጎጆውን ለቆ ሄደ። ያስወጣው የመሬቱ ባለይዞታ ነው ይባላል። ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ይህን ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ፣ ለየኔታም እግራቸው ሥር ወድቄ ተናግሬያለሁ። ነገሩን የሠራሁት ግን ሰው ሁሉ በሚያየው ገበያ ላይ ስለሆነ ኑዛዜውም በአደባባይ ይሁን ብያለሁ።

ሥራዬ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መሥራት ነው። በ2011 ዓ.ም. ከሁለት ባልንጀሮቼ ጋር አዲስ አበባ ላይ አንድ የኢንተርኔት የኪራይ ገበያ አቋቋምን። ሠዓሊው፣ ሙዚቀኛው፣ ፎቶግራፍ አንሺው፣ የፊልም ጸሐፊው ከአገር አገር ሲዘዋወር ማደሪያ እንጂ መሥሪያ ቦታ አያገኝም። የሆቴል ክፍል ውስጥ የዘይት ቀለም አይበጠበጥም፣ እኩለ ሌሊት ላይም መሰንቆ አይመታም። በየከተማው ደግሞ ተዘግቶ የሚውል ስቱዲዮ፣ ሰው የማይገባበት ሰርቪስ ቤት ሞልቷል። እኛ ሁለቱን እናገናኛለን፣ ከኪራዩም ከመቶ አሥር እንወስዳለን። በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ነገሩ ብዙዎችን ጠቅሟል፤ በዚያ አልጸጸትም።

ገንዘብ ሊያበድሩን የመጡ ሰዎች “ከሌላው በምን ትለያላችሁ?” ብለው ጠየቁን። እኔ የጋይንት ልጅ ነኝ። ቤተ ልሔምን ጠራሁላቸው።

እዚያ አንዲት የተማሪ ጎጆ ለኪራይ አወጣን። ማስታወቂያውን የጻፍሁት ራሴ ነበርሁ፤ የጻፍሁትም ሁሉ እውነት ነበር። ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የደረሰው ዜማ በየአገሩ ቢዘመርም የድጓ ምስክር ቤቱ ቤተ ልሔም መሆኑን ጻፍሁ። ለዝማሬና ለመዋሥዕት ዙር አባ እንደሚኬድ ሁሉ፣ ድጓን በሌላ አገር ለዓመታት የተማረ ሰው እዚህ መጥቶ ከመምህሩ ፊት ከልሶ እንደሚያስመሰክር ጻፍሁ። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ስለሠሩት የዜማ ምልክትም አነሣሁ። የታሪክ ጸሐፊው ቶማስ ፓክናም እ.ኤ.አ. በ1955 ወደዚያ ሄዶ፣ ከውጭ ክብ የሣር ክዳን በሚመስለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጥንታዊ የድንጋይ ሕንፃ ተሸሽጎ ማግኘቱን፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው መጽሐፉም ለዓለም መናገሩን ጨመርሁበት። ሰው እንዲጓጓ ያደረግሁት በዚህ ነው።

የተውሁት የጎጆውን ሥርዓት ነበር። ያን ሳላውቅ ቀርቼ አልነበረም። ተማሪ ከወሎ ወይ ከጎጃም በእግሩ ይመጣል፤ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ። ከአንድ ገበሬ ማሳ ዳር ቦታ ይለምናል፣ ባልንጀሮቹ እንጨት ቆርጠው ጭቃ ያቦኩለታል፣ ጎጆዋ ትቆማለች። ሲያስመሰክር ወይም አገር ሲለውጥ ከኋላው ለመጣው ትቶለት ይሄዳል። ገበሬው ስለ ነፍሱ ብሎ ይሰጣል እንጂ ኪራይ አይጠይቅም። “በእንተ ስማ ለማርያም” ሲባልም በየደጁ ቁራሽ ይወጣል። አያቴ እንጀራ ስትጋግር የተማሪውን ድርሻ ለብቻ ታኖር ነበር፤ እኛ ልጆች ርቦን እንኳ ያችን አንነካም ነበር። ሳድግ ያየሁት ይህን ነው። ስለዚህ “ከተሜ ነኝ፣ አላወቅሁም” ብዬ ልከራከር አልችልም።

እኔ የሠራሁት ቅጽ “የባለቤት ስም” የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበረው። ያችን ጎጆ የሠራት ከዓመታት በፊት አስመስክሮ የሄደ ተማሪ ነው። የሚኖርባት ሌላ ነው። መሬቱ የገበሬው ነው፤ ማን የት እንደሚያድር የሚያውቁት ደግሞ የኔታ ናቸው። እኔ የገበሬውን ስም ጻፍሁ፤ የባንክ ሒሳብ የነበረው እሱ ብቻ ስለሆነ። ገንዘብ የሚገባበትን ሰው ባለቤት አደረግሁት።

በጎጆዋ የሚኖረውን ልጅ ጠይቄው ነበር። “እንግዳ ሲመጣ ለጥቂት ቀን ከባልንጀሮችህ ጋር ብታድር ምን ይመስልሃል?” አልሁት። “ጋሼ፣ የኔታ ከፈቀዱ” አለኝ። የኔታን አልጠየቅሁም። እምቢ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው የተውሁት፤ በዚያን ጊዜ ግን ለራሴ “አላስቸግራቸው” ብዬ ነበር።

ፎቶም አነሣሁ። ልጁ በገዛ እጁ የሚጽፈው ድጓ፣ ገና ያላለቀው፣ ከማኅደሩ ጋር ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ለፎቶው ያምራል ብዬ እዚያው ተውሁት። ብዙ ሰው የወደደው ሥዕል እሱ ነው። አገር ለአገር እየዞረ ሥራውን የሚሠራ፣ ጸጥ ያለች ትንሽ ቤት የምታስፈልገው ሰው እያልሁ ለገንዘብ ሰጪዎቹ ሳስረዳ የከረምሁት ስለዚያ ዓይነት ሰው ነበር። ፊቴ ቆሞ ሳለ ቦታውን ለሌላ ሰጠሁበት።

እንግዶች መጡ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ አክብረው ገብተው አክብረው ወጡ። ከእነሱ አንዱ ሙዚቃ ደራሲ ነው፤ ሲሄድ ቦታውን አመስግኖ፣ “ሌሊት ሌሊት ድምፅ ስላለ መተኛት ይከብዳል” ብሎ ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጠ። ያ ድምፅ ተማሪዎቹ በሌሊት የሚቀጽሉት ድጓ ነው። ፕሮግራሙ ዝቅተኛ ነጥብ ላገኘ አከራይ ሁሉ በራሱ ጊዜ ምክር እንዲልክ አድርጌ ሠርቼው ነበርና ለገበሬው በስልኩ መልእክት ላከለት፦ “በአካባቢው ያለውን ጫጫታ ቢቀንሱ ብዙ ደንበኛ ያገኛሉ።” ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፍሁት አዲስ አበባ ላሉ፣ ከመጠጥ ቤት አጠገብ ለሚያከራዩ ሰዎች ነበር። የያሬድን ዜማ ጫጫታ ያለው የእኔ እጅ ነው። ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው።

ገበሬው መልእክቱን አነበበ፣ ከእንግዳ ያገኘውንም አሰበ። ልጁን መጀመሪያ ሌሊት እንዳይቀጽል ነገረው፣ ከዚያ “ጎጆውን ልቀቅልኝ” አለው። የአጎቴ ልጅ ደውሎ ነገረኝ። የመለስሁለትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦ “እኛ አገናኝ እንጂ አከራይ አይደለንም፤ ይህ የሁለቱ ጉዳይ ነው።” በውላችን ውስጥ የተጻፈ አንቀጽ ነበር፤ ያንንም የጻፍሁት እኔ ነኝ። የዚያኑ ቀን ብነሣ ልጁን እዚያው አገኘው ነበር። አልተነሣሁም። ከገንዘብ ሰጪዎቹ ጋር ቀጠሮ ነበረኝ፣ የጎጆዋም ፎቶ ከማሳያቸው ሁሉ ፊት የሚቀርብ ነበር።

በሌላ አገር የሆነውን አላነበብሁም ማለትም አልችልም። የኢንተርኔት የኪራይ ገበያው ኤርቢኤንቢ እ.ኤ.አ. በ2008 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሲጀመር ራሳቸው ተከራይ የሆኑ ሰዎች ትርፍ ፍራሽ የሚያከራዩበት ነበር። የባርሴሎና ነዋሪዎች በቱሪስት ኪራይ የተነሣ ከሰፈራችን ተፈናቀልን ብለው ሲጮኹ እኔ ፕሮግራሜን በመሥራት ላይ ነበርሁ፤ ከተማዪቱ ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ2024፣ የቱሪስት አፓርታማ ፈቃዶችን በሙሉ እስከ 2028 እንደምታቆም አስታወቀች። የትልቅ ከተማ ችግር ነው ብዬ አለፍሁት። በከተማ የሚፈናቀለው ሰው ቢያንስ የኪራይ ውል አለው፣ የሚከስበት ፍርድ ቤት አለው። ተማሪው የነበረው የገበሬው በጎ ፈቃድ ብቻ ነው፤ እኔ የነካሁትም እሱኑ ነው።

ማስታወቂያውን ያነሣሁት ዘግይቼ ነው። የወሰድነውን ከመቶ አሥር ለተማሪዎቹ ስንቅ እንዲሆን ወስጄ ለየኔታ ሰጠሁ፤ ባልንጀሮቼ ሳይከራከሩ ፈቀዱልኝ። የኔታ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ አልተቆጡኝም። “ልጄ፣ ጎጆስ ይሠራል። ልጁ ግን ጾመ ድጓውን ዘልቆ፣ ድጓውን ሊያስመሰክር ጥቂት ቀርቶት ነበር” አሉኝ። ከዚያ በኋላ ልጁን ፈልጌ ላገኘው አስቤ ሳለ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እዚያው ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ ገባ፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአካባቢው በተነሣው ግጭት መንገዱም ኔትወርኩም ተዘጋ። ይህን ለማመካኛ አላነሣውም። ከዚያ በፊት የነበረኝን ጊዜ ያባከንሁት ራሴ ነኝ።

ገበሬውንም አግኝቼዋለሁ። ማሳው ዳር እንደ ዱሮው ተማሪ እንዲያስጠጋ ለመንሁት። “በነጻማ ምን ቆርጦኝ? ዋጋዋን ያሳየኸኝ አንተው አይደለህ?” አለኝ። አልፈርድበትም፤ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው። አሁን ያቺ ቦታ የምትሰጠው ለሚከፍል ነው፤ ለአንድ ተማሪ የዓመቱን እኔ እከፍላለሁ፤ ከእኔ በኋላ ማን እንደሚከፍል አላውቅም።

ልጁ ወደ ወሎ ተሻግሯል የሚሉ አሉ፣ ደብረ ታቦር የቀን ሥራ ሲሠራ አየነው ያሉኝም አሉ። ይህን የሚያነብ የዜማ መምህር ወይም ተማሪ፣ ከጋይንት ድጓውን በእኩል ትቶ የመጣ ሰው ቢያገኝ ይህን ይንገርልኝ፦ የኔታ “ይምጣና ይቀጥል” ብለዋል፤ ጽፎ የተወውን ብራና አኑረውለታል፤ የማደሪያውና የስንቁ ወጪ በእኔ ነው። ይቅርታ ልጠይቀው እሻለሁ፤ ሊሰማኝ ባይፈልግ ግን እኔን ሳያይ ገብቶ ሊማር ይችላል።