ሐኪም ቤቱ በተመረመረ ጊዜ

ሰው ወደ ሐኪም በሄደ ጊዜ ምርመራ ማለት ለበሽተኛ ብቻ የተሠራ ነገር ይመስለዋል፤ መርማሪው ራሱ የሚመረመርበት ቀን እንዳለ የሚያስብ ጥቂት ነው። እኛም በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ብዙ ዘመን ያገለገልን ስንሆን፤ ይህን ነገር የተማርነው ከመዝገብ ሳይሆን ከወላጅ እናታችን ጋራ በአግዳሚ ወንበር ተቀምጠን ነው።

በልደታ ክፍለ ከተማ፤ ሜክሲኮ በሚባለው ሠፈር፤ ቤተሰባችን ሁሉ የሚታከምበት አንድ አነስተኛ ክሊኒክ አለ። (በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ያንን ግፍ ካልተቀበሉት ጥቂት መንግሥታት አንዲቱ ሜክሲኮ ስለ ነበረች፤ ስሙ የእርስዋ መታሰቢያ ነው።) ሐኪሙ ልጆቻችንን ከአራስነታቸው ጀምሮ ያከሙ፤ የእናታችንን የደም ግፊት በየወሩ የሚለኩ፤ ገንዘብ ባጠረን ጊዜም «ለሚመጣው ወር ይሁን» ብለው ያሰናበቱን ደግ ሰው ናቸው።

ከዕለታት አንድ ቀን ጥዋት ተራችንን ስንጠብቅ፤ ሦስት የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች መዝገብ ይዘው ገቡ። ፈቃዱን ከግድግዳው ላይ አነበቡ፤ የሠራተኞቹንም የሙያ ወረቀት ጠየቁ። ከእነርሱም አንዲቱ የድንገተኛ መድኃኒት ያለበትን ቁም ሣጥን ከፍታ፤ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሣች ቀናቸውን ታነብ ጀመር። አራቱ ጊዜያቸው ያለፈ ሆነው ተገኙ። ያገለገሉ መርፌዎችም ለብቻቸው በተዘጋጀው ሣጥን ሊጣሉ ሲገባ ከተራ ጥራጊ ጋራ ተደባልቀው ታዩ። የአንዲት ነርስም የሙያ ፈቃድ ሳይታደስ ቆይቶ ነበር።

ያን ጊዜ ሐኪሙ ወደ ጥግ ጠሩንና በዝግታ፤ «እርስዎ የሕግ ሰው ነዎት፤ ከእነዚህ አንዱን ሳያውቁ አይቀሩም፤ እባክዎን አንድ ቃል ይናገሩልኝ» አሉን። በእውነትም አንደኛውን በጉዳይ ምክንያት እናውቀው ነበር። ውለታ ከባድ ሸክም ስለ ሆነ ልባችን ተሸነፈና ልንናገር ተነሣን። እናታችን ግን የነጠላችንን ጫፍ ይዘው፤ «ልጄ፤ ያን ብልቃጥ እኔን ሊወጉኝ ኖሯልን?» ብለው ጠየቁን። የምንመልሰው ቃል አጣን፤ ተመልሰንም ተቀመጥን።

ክሊኒኩ ጉድለቱን እስኪያሟላ ድረስ ታሸገ። እናታችንም ሳምንታት ሙሉ ከጎሕ ጀምሮ በጤና ጣቢያ ሰልፍ ቆሙ። ጉልበታቸው ሲዝል ባየን ጊዜ፤ ዝም ማለታችን ጭካኔ መስሎ ስለ ተሰማን ብዙ ሌሊት እንቅልፍ አጣን።

ነገር ግን ነገሩን ስንመዝነው እንዲህ አገኘነው። በ1888 ዓ.ም. ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ለቁስለኞች ሲደርሱ፤ ለበሽተኛው የሐኪሙ መምጣት ብቻ ታላቅ በረከት ነበር። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የተቋቋመው በ1940 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ሐኪም ቤቱ በየመንገዱ ሲበዛ ግን መምጣቱ ብቻ አይበቃም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ያለ ፈቃድ የሚያክመውን ይቀጣል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112ም የመድኃኒትን ደኅንነት ይጠብቃል። እኛ በፍርድ ቤት የምንጽፈው ግን ጉዳት ከደረሰ፤ ከሳሽም ጥቁር ለብሶ ከመጣ በኋላ ነው። ተቆጣጣሪው የሚመጣው ከዚያ አስቀድሞ ስለ ሆነ፤ በሰላም የተመለሰው በሽተኛ ማን እንዳዳነው እንኳ አያውቅም። ስለዚህ ምስጋና የሌለበትን ሥራ በምልጃ ማሰናከል ነውር መሆኑን ተረዳን።

ክሊኒኩ በተከፈተ ጊዜ ሐኪሙ መጀመሪያ ፊት ነሡን። በሁለተኛው ወር ግን እናታችን መርፌ ያሻቸው ነበርና፤ ሐኪሙ ብልቃጡን ከመክፈታቸው በፊት አምጥተው፤ «እማማ፤ ቀኑን ልጅዎ ያንብብልዎ» አሉ። እኛም ድምፃችንን ከፍ አድርገን አነበብን፤ ከዚያ ወዲህም ቂም የለም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚባለው ለበሽተኛ ብቻ ሳይሆን ለሐኪም ቤትም ነው። ክቡራን አንባብያን ሆይ፤ ቤተሰባችሁን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ስትሄዱ በግድግዳው የተሰቀለውን ፈቃድና በብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ቀን ማንበብን አትፈሩ፤ ደግ ሐኪም በዚህ አይቀየምምና።